በፒክአፕ መኪና ላይ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲጠፋ መንሥኤውን ስለ መፈለግ

የገበሬው ድካም ፍሬ የሚሰጠው ምርቱ በጊዜው ከገበያ ሲደርስ ነው። በመቂና በባቱ አካባቢ የተለቀመ ቲማቲም ሌሊት ተጭኖ በማለዳ አዲስ አበባ ካልደረሰ፣ የቀኑ ፀሐይ በሣጥኑ ውስጥ እንዳለ ያበላሸዋል። ለከብት ክትባት ወደ ገጠር የሚወጣው የእንስሳት ሐኪምም መድኃኒቱን በበረዶ ሣጥን ይዞ ከመንገድ ቢቀር፣ ክትባቱ ሙቀት አግኝቶት ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ስለዚህ ፒክአፕ መኪና ዛሬ ከእርሻ መሣሪያዎች እንደ አንዱ የሚቈጠር ሲሆን፣ እንደ ማረሻና እንደ ቀንበር ሁሉ ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል።

መኪና አልነሣም ባለ ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ባትሪው ሞቷል ብሎ ነው። ወዲያው አዲስ ባትሪ ይገዛል። መኪናው ለጥቂት ቀን ይሠራና እንደገና ይቆማል፤ ምክንያቱም ጥፋቱ ከመጀመሪያው የባትሪው ሳይሆን፣ በላላ ማሰሪያ፣ በዛገ ሽቦ ወይም በማይሞላ አልተርኔተር ነበርና። በዚህ ዓይነት ገንዘቡም ጊዜውም ይባክናል። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ዕቃ ከመግዛት በፊት ኃይሉ በየትኛው ስፍራ እንደ ተቋረጠ በቅደም ተከተል መርምሮ ማግኘት እንደሚቻል ነው።

ኃይሉ የሚሄድበት መንገድ

ነገሩን በመስኖ ቦይ መመሰል ይቻላል። ውሃ ከግድቡ ተነሥቶ በዋናው ቦይ ይመጣል፤ ከዚያም በየትናንሹ ቦይ ተከፋፍሎ ተክሉን ያጠጣል። በመኪናም ባትሪው እንደ ግድብ፣ ወፍራሙ ኬብል እንደ ዋናው ቦይ፣ ቀጫጭኑ ሽቦ እንደ ትንንሾቹ ቦዮች ነው። ልዩነቱ ግን የመስኖ ውሃ ተክሉን አጠጥቶ እዚያው ሲቀር፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ሥራውን ፈጽሞ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። የመመለሻው መንገድ ከተቋረጠ የመሄጃው መንገድ ደኅና ቢሆንም ምንም ሥራ አይሠራም።

የመመለሻው መንገድ የመኪናው ብረት ራሱ ነው። የባትሪው ኔጋቲቭ ጫፍ ከሞተሩና ከሻንሲው ጋር በኬብል የታሰረ ሲሆን፣ ይህን መካኒኮች ማሳ ይሉታል። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነውና ከእርሻ ማሳ ጋር መምታታት የለበትም። ሞተሩ በጎማ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ ከሻንሲው ጋር በራሱ አይገናኝም፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ይህ ኬብል ብቻ ነው።

ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1912 በአሜሪካ በካዲላክ መኪና ላይ የኤሌክትሪክ ሞተሪኖ እስኪገባ ድረስ፣ ሞተር ይነሣ የነበረው በእጅ በሚዞር ብረት ነበር። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ባትሪውን መልሶ የሚሞላው አልተርኔተር ነው፤ ይህም በ1960ዎቹ የቀድሞውን ዲናሞ እየተካ መጣ። በባትሪውና በቀሩት መሣሪያዎች መካከል ዋናው ፊውዝ ይገኛል፤ ከመጠን ያለፈ ኃይል ሲመጣ እርሱ ቀልጦ ሽቦውን ከቃጠሎ ያድናል።

ምልክቱን ማስተዋል

ነጂው ቦኖውን ከመክፈቱ በፊት ምልክቱን ማስተዋል ይገባዋል። የቤት ውስጡን መብራት አብርቶ የማስነሻውን ቁልፍ ያዙር፤ መብራቱንም ይመልከት።

1ኛ. መብራቱ ከመጀመሪያውም ካልበራ፣ የፊት መብራቱም ጡሩንባውም ዝም ካሉ፣ ኃይሉ የተቋረጠው ገና ከመነሻው ነው፤ ይኸውም በባትሪው ጫፎች፣ በማሳው ኬብል ወይም በዋናው ፊውዝ ላይ ነው። ባትሪው ፈጽሞ ባዶ ሆኖም ሊሆን ይችላል።

2ኛ. መብራቱ ይበራ የነበረ ሲሆን ቁልፉ በዞረ ጊዜ ድንገት ድርግም ብሎ ከጠፋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የላላ ወይም የዛገ የባትሪ ማሰሪያ ነው።

3ኛ. መብራቱ እየደከመ ሄዶ ሞተሪኖው ቀጭ ቀጭ ብቻ ካለ፣ ባትሪው ኃይል አንሶታል፤ ወይም ኬብሉ ኃይሉን በሙሉ አያሳልፍም።

4ኛ. መብራቱ እንደ በራ ሳይለወጥ ሞተሪኖው ዝም ካለ፣ ኃይሉ ወደ ሞተሪኖው አልደረሰም። እንዲህ ሲሆን የማስነሻውን ቁልፍ፣ ሪሌውንና በሞተሪኖው ላይ የታሰረውን ቀጭን ሽቦ መመርመር ነው።

5ኛ. ሌላው ሁሉ እየሠራ አንድ ነገር ብቻ፣ ለምሳሌ የኋላ መብራት፣ ከጠፋ ባትሪውን መንካት አያስፈልግም። የዚያኑ መሣሪያ ፊውዝ፣ አምፖልና ማሳ ማየት ይበቃል።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ለምርመራው ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ የቮልት መለኪያ ካለ መልካም ነው፤ ከሌለም ሁለት ሽቦ የተበጀለት የ12 ቮልት አምፖል ብዙውን ሥራ ይሠራል።

በመጀመሪያ ባትሪው ይለካል። መኪናው ጥቂት ሰዓት ከቆመ በኋላ 12.6 ቮልት ያህል ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ቀርቶታል፤ 12.0 ከሆነ ሊያልቅ ተቃርቧል። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ያረጀ ባትሪ ያለ ሥራ ሲለካ ጥሩ መስሎ ይታያልና። ስለዚህ ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር መለካት ያስፈልጋል። ሙሉ የነበረው ባትሪ በዚያን ጊዜ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል፤ ወይም ሞተሪኖው ራሱ ተይዞ ከመጠን በላይ ይስባል።

ሁለተኛ የባትሪው ጫፎች ይታያሉ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከታየባቸው ዝገት ነው። ማሰሪያው በእጅ ሲነቀነቅ ከተንቀሳቀሰም ላልቷል። ማሰሪያዎቹን ለማጽዳት አስቀድሞ ኔጋቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን መፍታት ነው፤ ሲታሰር ደግሞ ፖዘቲቩ ይቀድማል፣ ኔጋቲቩ ይከተላል። ይህ ሥርዓት ያለ ምክንያት አልወጣም፤ ፖዘቲቩ ሲፈታ ማሳው ታስሮ ከቆየና መፍቻው የመኪናውን ብረት ከነካ ኃይለኛ ብልጭታ ይነሣል። ዝገቱ በሙቅ ውሃ በተበጠበጠ የዳቦ ሶዳ ይታጠባል፤ ውሃው ግን ወደ ባትሪው ውስጥ መግባት የለበትም። ከዚያም ጫፉ ብረቱ እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ በጥብቅ ይታሰርና ቫዝሊን ይቀባል።

ብዙ ሰው ትንሽ ዝገት ምን ያደርጋል ብሎ ይንቃል። ነገሩ በቁጥር ሲታይ ግን እንዲህ ነው። ሞተሪኖ ሲነሣ 200 አምፔር ያህል ሊስብ ይችላል። ዝገቱ የአንድ ኦም መቶኛ እጅ ብቻ ቢከለክል፣ 0.01 በ200 ሲባዛ 2 ቮልት በዚያ ስፍራ ጠፍቶ ይቀራል። የቤት ውስጡ አምፖል ግን ከግማሽ አምፔር በታች ስለሚስብ በዚያው ዝገት በኩል ምንም ሳይጐድልበት ይበራል። መብራት በርቶ ሳለ ሞተር አልነሣ የሚለው ስለዚህ ነው። የቮልት መለኪያ ያለው ሰው አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጎ ቁልፉ ሲዞር ይመልከት፤ ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ የመመለሻው መንገድ ታውኳል።

ሦስተኛ ማሳው ይመረመራል። በኮረኮንች መንገድ የሚመላለስ መኪና ዘወትር ስለሚንቀጠቀጥ የማሳው ቡሎን ይላላል፤ ጭቃና ውሃም ኬብሉን ከሥሩ ይበሉታል። አንድን መብራት ሲያበሩ ሌላው አብሮ ከበራ ወይም ከደከመ ማሳውን መጠርጠር ይገባል። ፈተናው ቀላል ነው፤ በተጠባባቂ ኬብል የባትሪውን ኔጋቲቭ ከሞተሩ ብረት ጋር ማገናኘት ነው። ሞተሩ በዚህ ከተነሣ የተበላሸው የማሳው ኬብል ነው፤ ቀለሙና ዝገቱ ተፍቆ እንደገና ይታሰራል።

አራተኛ ዋናው ፊውዝ ይታያል። በብዙ መኪና ላይ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ በሣጥን ውስጥ ይገኛል። በሁለቱም ወገን አምፖሉ ከበራ ፊውዙ ደኅና ነው፤ በአንዱ ወገን ብቻ ከበራ ተቃጥሏል። ፊውዝ ደግሞ ያለ ምክንያት አይቃጠልም፤ አንድ ስፍራ ልባሱ የተላጠ ሽቦ ብረት ነክቶ ወይም የባትሪ ኬብል ተገላብጦ ታስሮ ይሆናል። ምክንያቱ ሳይገኝ ሌላ ፊውዝ ማስገባት ዋጋ የለውም። በፊውዝ ፋንታ ሽቦ፣ ሳንቲም ወይም የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ማድረግ ግን ከሁሉ የከፋ ነው። በዚያን ጊዜ የሚቀልጠው ፊውዙ መሆኑ ቀርቶ የመኪናው ሽቦ በሙሉ ይሆናል፤ ጭነቱም ከመኪናው ጋር ይቃጠላል።

በጉዞ ላይ የሚደክም ኃይል

መኪናው በደኅና ተነሥቶ ከሄደ በኋላ የባትሪው ቀይ መብራት በዳሽቦርዱ ላይ ቢበራ፣ አልተርኔተሩ መሙላት አቁሟል ማለት ነው። ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ላይ ሲለካ ከ13.5 እስከ 14.7 ቮልት ሊያሳይ ይገባል። 12 ላይ ቆሞ እየወረደ ከሄደ መጀመሪያ የሚታየው ቺንጋው ነው፤ ላልቶ፣ ተሰንጥቆ ወይም ተበጥሶ ይገኛል። ቺንጋው ደኅና ከሆነ ከአልተርኔተሩ በስተኋላ ያለው ሽቦና ፊውዙ፣ ከዚያም በውስጡ የሚያልቀው ካርቦን ይመረመራል። በብዙ መኪና ላይ ያው ቺንጋ የማቀዝቀዣውን ውሃ ፓምፕም ስለሚያዞር፣ ቺንጋው ከተበጠሰ ሞተሩ እንዳይግል ወዲያው ማቆም ያስፈልጋል።

ቺንጋው ሳይበጠስ የአልተርኔተሩ መሙላት ብቻ ከቆመ፣ መኪናው በባትሪው ኃይል ጥቂት መንገድ ሊሄድ ይችላል። 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ሙሉ ባትሪ 15 አምፔር ቢሳብበት በሒሳብ 4 ሰዓት ይበቃል፤ በተግባር ግን ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ ነጂው ሬዲዮውንና ማራገቢያውን አጥፍቶ፣ ሞተሩን በየመንገዱ ሳያጠፋ፣ ገና ብርሃን ሳለ ወደ ጋራዥ ይድረስ።

በቀድሞው የዲናሞ ዘመን አንዳንድ መካኒክ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ማሰሪያ በመንቀል ዲናሞውን ይፈትን ነበር። ይህ ልማድ ዛሬ መቅረት አለበት። አልተርኔተር ባለው መኪና ላይ ባትሪው በድንገት ከተነቀለ ቮልቱ እጅግ ከፍ ብሎ የአልተርኔተሩን ዳዮዶችና የመኪናውን ኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ያበላሻል።

ቆሞ ባደረ መኪና ላይ የሚያልቅ ባትሪ

ማታ ደኅና የነበረ መኪና በጥቂት ቀን ውስጥ ኃይሉ ካለቀ፣ አንድ ነገር በስውር እየሳበ ነው። የስልክ መሙያ፣ በኋላ የተጨመረ ሬዲዮ ወይም የማይጠፋ የሣጥን መብራት ይሆናል። ግማሽ አምፔር ብቻ ቢሳብ በቀን 12 አምፔር ሰዓት ይሄዳል፤ 60 የሚይዘው ባትሪ በ5 ቀን ባዶ ይሆናል። ሁሉም ከጠፋ በኋላ ሊሳብ የሚገባው ከ0.05 አምፔር ብዙ መብለጥ የለበትም። ይህን ለማወቅ የአምፔር መለኪያ በኔጋቲቩ ጫፍና በማሰሪያው መካከል ይገባል፤ በአዳዲስ መኪናዎች መሣሪያዎቹ እስኪያርፉ ግማሽ ሰዓት ያህል ከተጠበቀ በኋላ ፊውዞቹ አንድ ባንድ ይነቀላሉ። ቁጥሩ የወረደው የትኛው ፊውዝ ሲነቀል እንደሆነ በማየት ሌባው ይታወቃል። መለኪያው በዚህ ዓይነት ታስሮ ሳለ ሞተሩን ለማስነሣት መሞከር አይገባም፤ መለኪያው ይቃጠላል።

አደጋን ስለ መጠበቅ

ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ በአጠገቡ ክብሪት መጫር፣ ሲጋራ ማጨስም ሆነ ውሃውን ለማየት ፋኖስ ማቅረብ ክልክል ነው። በውስጡ ያለው አሲድ ዓይንን ያጠፋል፤ ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ ታጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። የባትሪው ውሃ ሲጐድል የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው፤ የወንዝ ውሃም ሆነ አሲድ አይጨመርም።

ከሌላ መኪና ኃይል መዋስ ሲያስፈልግ ቀዩ ኬብል በመጀመሪያ በደከመው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ በደኅናው ፖዘቲቭ ላይ ይታሰራል። ጥቁሩ በደኅናው ኔጋቲቭ ላይ ይታሰርና የመጨረሻው ጫፍ ከደከመው ባትሪ ራቅ ብሎ በሞተሩ ብረት ላይ ይሆናል። ብልጭታው ከጋዙ እንዲርቅ ይህ ግዴታ ነው።

እንግዲህ መኪና የተሰጠው ነጂም ሆነ መኪና ያለው የገበሬዎች ማኅበር፣ የሙከራ አምፖል፣ መፍቻ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ጥቂት ትክክለኛ ፊውዞችና አንድ ተጠባባቂ ቺንጋ ዘወትር በመኪናው ውስጥ ሊያኖር ይገባዋል። በሳምንት አንድ ቀን የባትሪውን ማሰሪያዎች፣ ባትሪውን ከመቀመጫው የሚይዘውን ብረት፣ ማሳውንና ቺንጋውን ይመልከት። ይህ ሥራ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ መደረግ ያለበትም ጭነቱ ከመጫኑ በፊት ገና ከደጅ ሳይወጣ ነው።