አስፈሪ ልቦለድ ታዳጊዎችን ይጎዳል?

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ቅዠታቸውን ስለሚጋፈጡ ታዳጊዎች የሚተርኩ አስፈሪ ልቦለዶችን ታዘወትራለች። ልከልክላት?

መልስ፦ ባይከለክሏት ይሻላል። ጥሩ አስፈሪ ልቦለድ በልጅ ልብ ውስጥ ላለው ፍርሃት መልክ ይሰጠዋል፤ መልኩ የታወቀን ፍርሃት ደግሞ መጋፈጥ ይቻላል። ፓትሪክ ኔስ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተመው «ኤ ሞንስተር ኮልስ» የተሰኘ ልቦለድ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የመጽሐፉን ሐሳብ የጠነሰሰችው ደራሲ ሺቮን ዳውድ በ2007 በካንሰር ሞታ ነበር። እናቱ በጠና የታመመችበት የ13 ዓመቱ ኮነር በአንድ ቅዠት ይባንናል፤ ከዛፍ የተነሣ ግዙፍ ፍጡርም ሦስት ታሪኮች ነግሮት አራተኛውን፣ የቅዠቱን እውነት፣ ራሱ እንዲናገር ያስገድደዋል። ልጁን የሚያስጨንቀው ፍጡሩ ሳይሆን ደብቆ የያዘው እውነት ነው፤ ሲናገረው ሸክሙ ይቀልለታል። የቅዠት ሕክምናም ከዚህ አይርቅም፤ ቅዠት የሚደጋገምባቸው ሰዎች ነቅተው ሳሉ የሕልሙን ታሪክ ለውጠው በሐሳባቸው እንዲለማመዱት ይደረጋል።

«ፍርሃቷ ቢባባስስ?» ቢሉ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ጭካኔን ለማስደንገጥ ብቻ የሚደረድሩ መጻሕፍት አሉ፤ ሐዘን ወይም ጥቃት የደረሰበትን ልጅም አንዳንድ ታሪክ ሊያውከው ይችላል። ይህ ግን እንድንመርጥ እንጂ እንድንከለክል ምክንያት አይሆንም። የተከለከለ መጽሐፍ ተደብቆ ይነበባል፤ ያኔ ልጅቷ ፍርሃቷን ብቻዋን ትሸከማለች። ስለዚህ መጽሐፉን እርስዎም ያንብቡት፤ ምን እንዳስፈራት ሳይቆጡ ይጠይቋት። እንቅልፏ ለሳምንታት ከታወከ ግን ሐኪም ያማክሩ።