ከዲግሪው በኋላ ማን ያስተምረናል?

እኛ የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ስለ ፈተና፣ ስለ ነጥብና ስለ ምረቃ ቀን ብዙ እንነጋገራለን። ከምረቃው ማግሥት ጀምሮ በሥራ ቦታ ስለሚጠብቀን ትምህርት ግን የምንነጋገረው ጥቂት ነው። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «የሥራ ልምድ 0 ዓመት» የሚል ቃል ስናይ ደስ ይለናል እንጂ፣ ያ ዜሮ በማን እጅና በምን መንገድ አንድና ሁለት እንደሚሆን አንጠይቅም። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ ለመመርመር እንሞክራለን።

ነገሩን ከራሳችን ጥፋት እንጀምር። ባለፈው ክረምት ሦስት ሆነን ለሥራ ልምምድ ወደ አንድ ፋብሪካ ተልከን ነበር። አንድ ቀን ጧት አንድ ሞተር ከልክ በላይ እየጋለ አስቸገረ። እኛም ደብተራችንን ገልጠን፣ ሒሳብ ሠርተን፣ ጥፋቱ የኤሌክትሪክ ነው ብለን ወሰንን። ገመዱን ስንፈታና ስንቋጥር ማሽኑ ግማሽ ቀን ቆሞ ዋለ። በአጠገባችን ዕድሜያቸውን በዚያ ሥራ የፈጁ መካኒክ ነበሩ፤ ትምህርታቸው ከስምንተኛ ክፍል ስላላለፈ እሳቸውን መጠየቅ አሳፈረን። ከቀትር በኋላ ራሳቸው መጡና ሞተሩን አስነሥተው፣ የካቻቢቴውን ጫፍ በሞተሩ አካል ላይ፣ እጀታውን በጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። ከዚያም ካቻቢቴውን ለአንዳችን ሰጥተው «ልጄ፣ ምን ይሰማሃል?» አሉ። የሚፋጭ ድምፅ ነበር። «ከዚያኛውስ ሞተር?» አሉ። የዚያኛው ድምፅ ለስላሳ ነበር። «እንግዲህ ምን ይመስልሃል?» ሲሉ፣ ኩሽኔታው እንደ ተበላ ማንም ሳይነግረን ገባን። «ጋሼ፣ ታዲያ ጧት ለምን አልነገሩንም?» ብንላቸው «አልጠየቃችሁኝማ» አሉ። በሻይ ሰዓት ደግሞ በፋብሪካ ውስጥ ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር አጫወቱን።

እኒህ ሰው በአንድ ቀን ሦስት ሥራ ሠሩ፤ አሳዩን፣ ጠየቁን፣ መከሩን። ስለ ሥራ ትምህርት የሚያጠኑ ሰዎችም እነዚህን ሦስት ነገሮች ለያይተው ነው የሚያዩአቸው። ዓላማቸው የተለያየ ስለሆነ እኛም ለይተን ልናውቃቸው ይገባል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

1ኛ/ የሚያሳይ አሠልጣኝ። ይህ ሥራውን ለማያውቅ ሰው የሚያስፈልግ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ1940፣ ጦርነቱ ፋብሪካዎችን በአዲስ ሠራተኛ ሲሞላ፣ ለየክፍሉ አለቆች የማሠልጠኛ ዘዴ አዘጋጀ፤ እስከ 1945 ድረስም ከ1,000,000 በላይ አለቆች ተማሩበት። ዘዴው አራት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ሠራተኛውን ማዘጋጀትና ፍርሃቱን ማስወገድ፤ ቀጥሎ ሥራውን ከፋፍሎ ማሳየት፤ ከዚያ እሱ ራሱ እየሠራ እንዲያስረዳ ማድረግ፤ በመጨረሻም ብቻውን እየሠራ አልፎ አልፎ መጐብኘት ነው። የትምህርቱ መሠረት፣ ተማሪው ካልተማረ አስተማሪው አላስተማረም የሚል ነበር። ይህ ዘዴ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ጃፓን ተሻግሮ፣ ካይዘን ለሚባለው አሠራር ከምንጮቹ አንዱ ሆነ። በአገራችንም የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2011 ተቋቁሟል።

2ኛ/ የሚጠይቅ አሠልጣኝ። በእንግሊዝኛ «ኮች» የሚባለው ይህ ነው። ቃሉ የመጣው ሠረገላ ይሠራባት ከነበረች ኮች ከምትባል የሃንጋሪ መንደር ሲሆን፣ በ1830ዎቹ የኦክስፎርድ ተማሪዎች ለፈተና የሚያደርሳቸውን አስጠኚ በቀልድ «ሠረገላ» ብለው ጠሩት። ስሙ በስፖርት ሜዳ ቆይቶ ወደ መሥሪያ ቤት ገባ። ቲሞቲ ጋልዌይ የተባለ አሜሪካዊ የቴኒስ አስተማሪ በ1974 ባወጣው መጽሐፍ፣ የትእዛዝ ብዛት ተጫዋቹን እንደሚያውክና ኳሷን ራሱ ልብ ብሎ እንዲያይ ማድረግ እንደሚሻል አስረዳ። እንግሊዛዊው ጆን ዊትሞር ደግሞ በ1992 በታተመው መጽሐፉ የጥያቄዎቹን ተራ አሳወቀ፤ ምን ትፈልጋለህ? አሁን ያለህበት ሁኔታ ምንድን ነው? ምን ምን መንገድ አለ? የትኛውን፣ መቼ ትፈጽማለህ? እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚጠቅመው ግን ጥቂት ለሚያውቅ ሰው ነው። ምንም ለማያውቅ ጀማሪ «አንተ ምን ይመስልሃል?» እያሉ መመለስ ውኃ ለጠማው ሰው ስለ ጉድጓድ አቆፋፈር እንደ መጠየቅ ነው።

3ኛ/ መካሪ። መካሪ በዚያው ሙያ ቀድሞን የሄደ ሰው ነው። የሚሰጠን ስለ ዛሬው ሥራ ብቻ ሳይሆን ስለ ረጅሙ መንገድ ነው፤ የትኛውን ክፍል እንምረጥ? መቼ እንታገሥ? መቼስ እንልቀቅ? በደብዳቤ የሚመደብ መካሪ አይጠላም፤ ነገር ግን በፈቃድ የተገኘ ይበልጣል።

4ኛ/ ባልንጀራ። ይህ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። በንባብ ቤት ትልቁ ልጅ ታናሹን ያስቈጥራል። በቅኔ ቤትም ተማሪው የቈጠረውን ለየኔታ ነግሮ ያሳርማል፤ የበረታው ደግሞ ጀማሪውን ይረዳል። ማረምም መታረምም የዕለት ተዕለት ሥራ ስለሆነ እንደ ውርደት አይቈጠርም። በዘመናዊው ቢሮ የጐደለን ይህ ልማድ ይመስለናል።

ሹምስ ከእነዚህ የትኛው ነው? ጥሩ ሹም ሁሉንም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አንድ ችግር አለ። የደመወዝ ጭማሪና የሥራ ውጤት ምዘና በእጁ ላለ ሰው ድካማችንን ገልጦ መናገር ያስፈራል። በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ከቅርብ አለቃችን ሌላ አንድ የምንጠይቀው ሰው መፈለግ ብልኅነት ነው።

እነዚህ ዘዴዎች አንድ ላይ ሲሠሩ ምን ፍሬ እንደሚሰጡ ለማየት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይበቃናል። ድርጅቱ በ1945 ቲ. ደብሊው. ኤ. ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት ሲቋቋም አብራሪዎቹም አስተዳዳሪዎቹም የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ኢትዮጵያውያን በመማሪያ ክፍልና በሥራ ላይ ሙያውን እየተማሩ፣ በ1957 አለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ከተቋቋመ 26 ዓመት መሆኑ ነው። ረዳት አብራሪ በቀኝ ወንበር የሚቀመጠው ሲመለከት ለመኖር አይደለም፤ መሪው በፊቱም አለ፤ እየተፈተነ አንድ ቀን ወደ ግራው ወንበር ይዛወራል። የማንኛውም ሥልጠና መለኪያ ይህ ነው፤ አሠልጣኙ እያደር የማያስፈልግ ከሆነ ሥልጠናው ሠርቷል ማለት ነው።

ሁለት ነገር ግን እንጠንቀቅ። አንደኛ፣ ዛሬ ኮች ነኝ ማለት ቀላል ነው። በ1995 የተቋቋመ ዓለም አቀፍ የኮቾች ማኅበር የብቃት ደረጃ ቢያወጣም፣ በብዙ አገር ሕጉ ለዚህ ሥራ ፈቃድ አይጠይቅም። ስለዚህ ገንዘባችንን ከመክፈላችን በፊት ሰውዬው ምን እንደሠራ እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ የመሣሪያ እጥረትና የደመወዝ ማነስ በምክር አይሞላም። ሠራተኛውን «ራስህን አሻሽል» እያለ የራሱን ግዴታ የሚረሳ መሥሪያ ቤት ሥልጠናን መሸፈኛ አድርጎታል።

ጓደኞቻችን ሆይ! ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኛ ግን ጠምጥመንም ገና መማር አለብን። በመጀመሪያው የሥራ ወራችን ሦስት ሰው እንፈልግ፤ ሥራውን የሚያሳየን አንድ፣ መንገዱን የሚመክረን አንድ፣ ስሕተታችንን ሳይፈራ የሚነግረን ባልንጀራ አንድ። በየሳምንቱም መጨረሻ ምን እንደተማርንና ምን እንዳልገባን በደብተር እንጻፍ። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ዲግሪ የሌለው ቢሆን አንፈር። ያ ሞተር ግማሽ ቀን የቆመው ዕውቀት ጠፍቶ ሳይሆን፣ ዕውቀቱ አምስት እርምጃ ርቆ ቆሞ ሳለ የሚጠይቀው ስላጣ ነበር።