ከሐሙስ መግሪብ እስከ ጁምዓ መግሪብ



ከጥቂት ወራት በፊት አባቴ ከገጠር ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር። ከዒሻ በኋላ ቁጭ ብለን ስለ አያቴ የመጨረሻ ቀናት ያጫውቱኛል። ስልኬ ነዘረ። በቴሌግራም ግሩፓችን አንድ ተማሪ ስለ ውዱእ ጠይቋል። «የዲን ጉዳይ ነው» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ሌላ ጥያቄ መጣ፤ ከዚያም ሌላ። ቀና ስል አባቴ ዝም ብለዋል። «ጨርስ ልጄ፣ እጠብቅሃለሁ» አሉኝ። ጨረስኩ፤ እርሳቸው ግን ወሬውን አልቀጠሉትም። ስለ ዲን እየጻፍኩ፣ ዲኑ ያዘዘኝን የወላጅ ሐቅ አጎደልኩ።

በዚያ ሰሞን አንድ ሐዲስ ደጋግሞ ይመጣብኝ ነበር። ቡኻሪና ሙስሊም ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ባለው ልብስ ሰገዱ፤ በሶላት ውስጥ ዓይናቸው ጥለቱ ላይ አረፈ። ሲጨርሱ ልብሱ ከሶላታቸው እንዳዘናጋቸው ተናግረው ወደ አቡ ጀህም እንዲመለስ፣ በምትኩም የእርሱ ጥለት የሌለው ልብስ እንዲመጣላቸው አዘዙ።

እስቲ እናስተውል። ልብሱ ሐራም አልነበረም። ቴሌግራም፣ ዋትስአፕና ኢሞም በራሳቸው ሐራም አይደሉም፤ ስንቱ ዝምድና ይቀጠልባቸዋል፣ ስንቱ ደርስ ይሰማባቸዋል። ነገር ግን ሐላል የሆነ ነገርም ቀልብን ይወስዳል።

ሁለተኛ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) «በሚቀጥለው ሶላት እጠነቀቃለሁ» ብለው ልብሱን አላቆዩትም፤ ከአጠገባቸው አራቁት። እኛ ግን ስልኩን ሱጁድ በምናደርግበት ቦታ አስቀምጠን ኹሹዕ ጠፋብን እንላለን።

ሦስተኛ፣ ዑለሞች እንዳብራሩት ሌላ ልብስ የጠየቁት የአቡ ጀህም ልብ እንዳይሰበር ነው። የሚያዘናጋውን ሲያርቁ ሰውን አላራቁም።

የጁምዓ ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። ኹጥባ ላይ ጓደኛውን «ዝም በል» ያለ እንኳ ከንቱ ነገር እንደሠራ በሐዲስ ተነግሯል፤ ጠጠር የነካካም እንዲሁ። ጠጠር መልስ አይጽፍም፣ ፎቶም አይልክም። ስልክ የሚነካካስ?

ስለዚህ አንድ ነገር ላማክራችሁ። በእስልምና ቀኑ የሚጀምረው ከመግሪብ ነው። ከሐሙስ መግሪብ እስከ ጁምዓ መግሪብ የመልእክት አፖቻችንን እንዝጋ።

• ኒያችንን እናስተካክል። ስልክ መዝጋት በራሱ የተደነገገ ዒባዳ አይደለም፤ ለዒባዳና ለሰው ሐቅ ቦታ ማስለቀቂያ ዘዴ ነው። ያልዘጋን ሰው አንናቅ።

• አስቀድመን እንናገር። ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ ማኩረፍ አይፈቀድለትም፤ ድንገት መጥፋታችን ኩርፊያ እንዳይመስል። ሪያድ ወይም ዱባይ ያለች እህትህ በኢሞ የምትደውለው ጁምዓ ቀን ብቻ ከሆነ፣ እርሷን አትዝጋባት። ኢሞውን ለእርሷ ትተህ ግሩፖቹን ዝጋ። የታመመ ያለበት ወይም ሥራው የሚያስገድደው ሰውም እንደዚሁ።

• ባዶውን ቦታ እንሙላ። ካልሞላነው እጃችን ወደ ስልኩ ይመለሳል። ሱረቱል ከህፍን ከሙስሐፍ እንቅራ፤ በስልክ ስንቀራ ስንት ጊዜ ከአያው መሐል ወጥተናል? ሶለዋት እናብዛ። ከዐስር በኋላ ያለውን የመጨረሻ ሰዓት ለዱዓእ እንተወው። የታመመ እንጠይቅ፣ ወላጅ ዘንድ እንቀመጥ።

ሁላችንም የምናውቀው ነገር አለ፤ «ጁምዓ ሙባረክ» የሚል ምስል ለመቶ ሰው ልከን ከህፍን ሳንቀራ ቀኑ ይመሻል።

የመጀመሪያው ጁምዓ ይከብዳል። እኔ ራሴ እስከ ረፋድ ድረስ ባዶ ኪሴን ስዳብስ ነበር። መግሪብ ደርሶ ስከፍት ከሁለት መቶ በላይ መልእክት ጠበቀኝ፤ የእኔን መልስ የሚሹት አራት ነበሩ። ያን ማታ ከሰባት ግሩፖች ወጣሁ።

ከዚያም ለአባቴ ደወልኩ። «አባ፣ ያኔ ስለ አያቴ ሲነግሩኝ አቋርጬዎት ነበር፤ ዐፉ ይበሉኝ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና ካቆሙበት ቀጠሉልኝ። ወላጆቹ በሕይወት ያሉለት፣ የተቋረጠ ወሬ ካለው፣ ዛሬ ይቀጥለው።

አላህ (ሱ.ወ) ቀልባችንን ከሚያዘናጋ ነገር ይጠብቅልን፤ ጊዜያችንንም ይባርክልን። አሚን።