የልጅ ራስ ቁስልና የማጅራት ንፍፊት

ልጃችሁ ራሱን እያከከ ያድራል። ጸጉሩ ቦታ ቦታው ረግፏል። ቆዳው ቅርፊት አውጥቶ ሳይድን ወር ሞላው። ዛሬ ደግሞ ማጅራቱን ስትዳስሱ ሽምብራ የሚያህል ነገር አገኛችሁ። «ይኸ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው!» ብላችሁ ደነገጣችሁ። ሌላ ላይሆን ይችላል።

በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ውስጥ ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። ሥራቸው ዘበኝነት ነው። እግሩ የቆሰለ ሰው ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ይወጣበት የለ? ራሱ የቆሰለ ልጅም ማጅራቱ ላይ እንዲሁ ያብጣል። ስለዚህ እብጠቱን ማሸት፣ መተኮስ ወይም መብጣት አይረዳም። መታከም ያለበት ራሱ ነው።

ቁስሉ ብዙ ጊዜ ቆረቆር ነው። የሚያመጣው ፈንገስ የሚባል፣ የሻጋታ ዘመድ የሆነ፣ በዓይን የማይታይ ነገር ነው። አንድ ምላጭ፣ አንድ ማበጠሪያ፣ አንድ ቆብ ለብዙ ልጅ ሲሆን ይተላለፋል። ከብትም ያስተላልፋል። ከድሬዳዋ በስተምዕራብ ባለችው በሁርሶ አካባቢ ልጅ ከጥጃና ከግመል ጋር ይውላልና ይህን ልብ በሉ። በጥጃው ዓይን ዙሪያ ጸጉሩ ረግፎ ግራጫ ቅርፊት ካያችሁ ልጁ አይደባብሰው። ከከብት የመጣው ይከፋል፤ ራስ ላይ አብጦ መግል ይቋጥራል። እባጭ መስሏችሁ በምላጭ አትክፈቱት። ሳይታከም ከቆየም ጠባሳ ይተዋል፤ በጠባሳው ላይ ጸጉር አይበቅልም።

ቅባት ብቻውን አያድነውም። ፈንገሱ የጸጉሩ ሥር ውስጥ ገብቷል፤ ቅባት እዚያ አይደርስም። ላምባማ ጭራሽ ቆዳውን ያቃጥላል። የሚያስፈልገው የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ግሪሶፉልቪን የሚባለው ክኒን ከ1958 ጀምሮ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ለዚህ በሽታ ሲሰጥ ኖሯል። የጤና ባለሙያው ልጁን መዝኖ መጠኑን ይወስናል። የሚወሰደውም ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ነው። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይበልጥ ይሠራልና ከፈላ ወተት ጋር ስጡት። «የፈላ» ያልነው በከንቱ አይደለም፤ ጥሬ ወተት የከብት ነቀርሳ ያስተላልፋል። ክኒኑ በተጀመረ በጥቂት ሳምንት ማሳከኩ ይተዋል። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ዳነ» ብሎ ያቋርጣል፣ በሽታውም ይመለሳል። የወንድም የእኅቱም ራስ አብሮ ይታይ።

ንፍፊቱስ? ራሱ ሲድን እየከሰመ ይሄዳል። ራሱ ድኖ ንፍፊቱ ከ4 ሳምንት በኋላም ካልቀነሰ፣ ሳያም እያደገ ከሄደ፣ እርስ በርሱ ከተያያዘ፣ ወይም ልጁ ከከሳና ማታ ማታ ካላበው ነገሩ ሌላ ነው። የዕጢ ነቀርሳ፣ ማለት ቲቢ፣ ሊሆን ይችላል። በአገራችን ይህ በሽታ ብዙ ነው። ሐኪሙ በቀጭን መርፌ ከዕጢው ጥቂት ቀድቶ ያስመረምራል። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይወሰዳል። ትኩሳት ከመጣ ወይም ንፍፊቱ ቀልቶ ካመመው ግን ሳምንት አትቁጠሩ፤ በዚያው ቀን ውሰዱት። ጤና ጣቢያው ካልቻለ ድሬዳዋ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ይልከዋል።

ንፍፊቱን ያገኛችሁበትን ቀን በደብተር ላይ ጻፉት። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «መቼ ጀመረው?» ብሎ ነው።