«ቼንጅ» ማለት ለውጥ ነው፣ መልስ ነው ወይስ ዝርዝር?

በዛሬው የእንግሊዝኛ አምዳችን ይዤላችሁ የቀረብኩት አንድ ቃል ብቻ ነው። ቃሉ «ቼንጅ» ይባላል። ብዙዎቻችን «ቼንጅ ማለት ለውጥ ወይም መቀየር ነው» ብለን ነው የምናውቀው። ልክ ነው። ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሱቅ ሲገቡና አውቶቡስ ሲሳፈሩ ይህንኑ ቃል ለገንዘብ ይጠቀሙበታል። እኛ በአራት ቃል የምንለውን እነሱ በአንድ ቃል ይጨርሱታል። የ1ኛ ሳይክል ተማሪዎችም እንዲያነቡት ብዬ እንግሊዝኛውን በፊደላችን ጽፌዋለሁ።

1ኛ. መልስ

እቃ ገዝተን ከሰጠነው ብር ላይ የሚመለስልን «ቼንጅ» ይባላል። ለምሳሌ ደብተሩ 35 ብር ቢሆንና እኛ 100 ብር ብንሰጥ ባለሱቁ 65 ብር ይመልስልናል። ሲሰጠን «ሂር ኢዝ ዩር ቼንጅ» ይላል። «ይኸው መልስህ» ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአማርኛ የጥያቄውም «መልስ» ነው፣ የብሩም «መልስ» ነው። በእንግሊዝኛ ግን የጥያቄው «አንሰር»፣ የብሩ «ቼንጅ» ነው። ባለሱቁን «ጊቭ ሚ ማይ አንሰር» ብትሉት «ምን ጠየቅኸኝ?» ይላችኋል።

«ኪፕ ዘ ቼንጅ» የሚባልም አለ። «መልሱን ለራስህ ያዘው» ማለት ነው። እንደ ቲፕ ነው። እንዲህ ከተባላችሁ መልሱን ይዛችሁ ሰውየውን እየሮጣችሁ አትከተሉት፣ አመስግኑት።

2ኛ. ዝርዝር

ሳንቲምና ትናንሽ ብርም «ቼንጅ» ይባላል። ታክሲ ላይ ረዳቱ «ዝርዝር ያላችሁ አውጡ!» ሲል የምንሰማው ማለት ነው። «የመቶ ብር ዝርዝር አለህ?» ለማለት «ሃቭ ዩ ጎት ቼንጅ ፎር ኤ ሃንድረድ?» ይባላል።

በውጭ አገር አንዳንድ አውቶቡሶች ላይ «ኤግዛክት ቼንጅ» የሚል ጽሑፍ አለ። ትርጉሙ «ልኩን ይዛችሁ ግቡ፣ መልስ አንሰጥም» ነው። «ስሞል ቼንጅ» ደግሞ ትንንሽ ሳንቲም ነው። ይህንን ለማይረባ ትንሽ ነገርም ይሉታል።

3ኛ. ምንዛሪ

ከውጭ የመጣ ሰው ባንክ ገብቶ «አይ ዋንት ቱ ቼንጅ ደላርስ ኢንቱ ብር» ካለ ዶላሩን በብር መመንዘር ፈልጓል ማለት ነው። ዜና ላይ የምንሰማው «ኤክስቼንጅ ሬት»፣ የምንዛሪ ዋጋ ማለት፣ ውስጡ «ቼንጅ» አለበት።

4ኛ. ለውጥና መቀየር

ይህንን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ቼንጅ ዩር ሹዝ» ማለት «ጫማህን ቀይር» ነው።

ይህ ምን ይጠቅመናል?

«ለፈተና ካልሆነ ምን ይሠራልናል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ከተማችን ጎንደር ቱሪስት የሚመጣባት ስለሆነች በጣም ይጠቅመናል። አንድ ጓደኛችን ከትምህርት በኋላ ፋሲል ግንብ አካባቢ የታሸገ ውሃ ይሸጣል። አንድ ቀን አንዲት ፈረንጅ የ30 ብር ውሃ ገዝታ 50 ብር ሰጠችውና «ቼንጅ፣ ፕሊስ» አለችው። እሱ «ውሃውን ቀይርልኝ» ያለችው መስሎት ሌላ ቀዝቃዛ ውሃ አወጣላት። «ኖ፣ ማይ ቼንጅ!» አለችው። አሁንም ሌላ አወጣላት። ሴትዮዋ ተቆጣች። ብሯን ሊበላባት የፈለገ ነበር የመሰላት። ደግነቱ አንድ አስጎብኚ መጥቶ «መልስ ነው የምትልህ» አለውና 20 ብሯን ሰጣት። እሷም ይቅርታ ጠይቃው ሄደች። ልጁ ግን አሁንም ሲያወራው ይናደዳል። «ሰውየው ባይመጣ ኖሮ ሌባ ነው ብላኝ ትሄድ ነበር» ይላል። እውነቱን ነው። ነገሩ የ20 ብር ብቻ አይደለም፣ የስምም ጉዳይ ነው። በገንዘብ ጊዜ አንድ ቃል ካልተግባባን መተማመን ይጠፋል።

እንዴት እንለየዋለን?

«ቼንጅ»ን ብቻውን አትተርጉሙት፣ ጎረቤቶቹን እዩ።
— ብር ከሰጣችሁ ወይም ከተቀበላችሁ በኋላ «ማይ ቼንጅ»፣ «ዩር ቼንጅ» ከተባለ መልስ ነው።
— «ቼንጅ ፎር» ብሎ የብር መጠን ከተከተለ ዝርዝር ነው።
— የሁለት አገር ገንዘብ ተጠርቶ መሃላቸው «ኢንቱ» ካለ ምንዛሪ ነው።
— ከኋላው ልብስ፣ ጫማ ወይም ሌላ እቃ ከመጣ መቀየር ነው።

ፈተና ላይ የሚመጣ ሰዋስው

«ቼንጅ» ገንዘብ ሲሆን አይቆጠርም። አስር ሳንቲሞች ቢመለሱላችሁም «ቼንጅስ» አይባልም። «ቼንጅስ» ካላችሁ «ለውጦች» ማለት ይሆናል። «ኤ ቼንጅ»ም «አንድ ለውጥ» ነው። ስለዚህ ለገንዘብ «ሰም ቼንጅ» በሉ። ስትጠይቁም «ሃው ሜኒ» ሳይሆን «ሃው ማች ቼንጅ» ነው።

ይህን ያውቁ ኖሯል?

አያቶቻችን 50 ሳንቲምን «ሽልንግ» ይሉታል። ቃሉ የቀድሞ የእንግሊዝ ገንዘብ ስም ነው። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ እንግሊዞች ያመጡት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በአገራችን ይሠራበት ነበር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ 2 ሽልንግ በ1 ብር ተቀየረ። አንዱ ሽልንግ የብር ግማሽ ስለሆነ ስሙ ለ50 ሳንቲም ቀረ።

መልመጃ

«ቼንጅ» በእያንዳንዱ ውስጥ ምን ማለት ነው?
ሀ. «ካውንት ዩር ቼንጅ ቢፎር ዩ ሊቭ ዘ ሾፕ።»
ለ. «ፕሊስ ቼንጅ ዩር ሸርት።»
ሐ. «ዱ ዩ ሃቭ ቼንጅ ፎር ፊፍቲ ብር?»

መልሱ (አንሰሩ ማለቴ ነው፣ ቼንጁ አይደለም)፦ ሀ. መልስ፣ ለ. መቀየር፣ ሐ. ዝርዝር።

«ሀ» ላይ ያለውን ምክር ግን ለመልመጃ ብቻ አታድርጉት። ትርጉሙ «ከሱቁ ሳትወጣ መልስህን ቁጠር» ነው። ቤት ሲልኳችሁም ሱቁ በር ላይ ቆማችሁ ቁጠሩ። ቢጎድል «ጋሼ፣ መልሴ ጎድሏል» በሉ። ቢተርፍም መልሱላቸው።

በሚቀጥለው እትም በሌላ ቃል እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!

ከ7ኛ «ለ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል