ከመናገር በፊት መመርመር

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች፤

ስለ ማኅበራዊ ችግር ልናስተምር ስንነሣ አስቀድመን የሰማነውን ከምንጩ ልንመረምር ይገባናል። ወንጌላዊው ሉቃስ እንኳ ነገሩን ከመጀመሪያው በጥንቃቄ ተከታትሎ እንደ ጻፈ በወንጌሉ መግቢያ ይነግረናል።

ያለዕድሜ ጋብቻን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ሕጉን ለማወቅ «ተብሏል» አይበቃም፤ ነጋሪት ጋዜጣን እንመልከት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመትን ወስኗል። ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ያንንም እንይ። ለቁጥሩ ደግሞ የ2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አለ፤ ሆኖም ማን፣ መቼ፣ እንዴት እንደ ተጠየቀ ሳናነብ ቁጥሩን ብቻ አንውሰድ። ሁለት ጋዜጦች አንድ ወሬ ቢጽፉ፣ ሁለቱም ከአንድ ቦታ ቀድተው ከሆነ ምስክሩ አንድ ነው። በልጅነታቸው የተዳሩ እናቶችንም በትሕትና እንጠይቅ።

ልጁን ሊድር በተሰናዳ አባት ፊት አንድ የሐሰት ቁጥር ብንጠራ፣ እውነተኛውንም ቃላችንን አይቀበለንም። የምትጎዳውም ልጅቱ ናት። ስለዚህ አንደበታችን ሳይቀድም ምርመራችን ይቅደም።

አምላካችን ማስተዋሉን ያድለን። አሜን።