ምዕራፍ ስምንት፦ ሁለት ቀን በጓሳ

ሀ. መግቢያ

ቦታን በድርሰት መግለጽ ማለት ቦታውን ላላየ ሰው እንዲታየው ማድረግ ማለት ነው። ተማሪዎች «ከከተማ ጫጫታ ርቄ ያሳለፍሁት የዕረፍት ጊዜ» በሚል ርእስ ድርሰት እንዲጽፉ ሲታዘዙ ብዙ ጊዜ የባሕር ዳርቻን ይመርጣሉ። ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውኃ፣ ቀስ ብሎ የሚመጣ ማዕበል ይደረድራሉ። ነገር ግን ኢትዮጵያ ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ጸሐፊውም ባሕር አይቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ተማሪ የሚጽፈው በፊልምና በሥዕል ያየውን ነው። ስለዚህ ድርሰቱ ከጓደኛው ድርሰት አይለይም።

ባሕርን መመኘት ጥፋት አይደለም። ከተማ ያሰለቸው ሰው ወደ ባሕር የሚሄደው ሰፊ አድማስ፣ ንጹሕ አየርና ጸጥታ ፈልጎ ነው። እነዚህ ሦስት ነገሮች በአገራችን ደጋዎችም ይገኛሉ። የሚከተለው ምንባብ ከደጋዎቹ አንዱን ያስተዋውቃችኋል። ስታነቡ ሁለት ነገር ልብ በሉ፤ አንደኛ፣ ቦታው በየትኞቹ ቃላትና ሐረጎች እንደ ተገለጸ፤ ሁለተኛ፣ በቦታው ያለው ጸጥታ ከየት እንደ መጣ።

ለ. ምንባብ

መንገዱ ሰላም በሆነበት ወቅት ቅዳሜ ማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ የደሴን መንገድ ብትይዙ፣ ከተማው ቶሎ አይለቃችሁም። የመኪናው ጥሩምባ፣ የታክሲ ረዳቱ ጥሪ፣ የሕንፃ ሥራው አቧራ እስከ ለገጣፎ፣ አልፎም እስከ ሰንዳፋ ይሸኛችኋል። ከዚያ በኋላ የገብስና የስንዴ ማሳ ይቀበላችኋል። 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የቆረቆሯት ደብረ ብርሃን ትደርሳላችሁ። ከደብረ ብርሃን አልፋችሁ ጣርማ በር ስትደርሱ ዋናው መንገድ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በፈለፈሉት ዋሻ ውስጥ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። የእናንተ መንገድ ግን ወደ ግራ ታጥፎ በመዘዞ በኩል ወደ መንዝ ያመራል።

ጓሳ ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ተነሥቶ ከ3,600 ሜትር ያልፋል። ከመኪና ስትወርዱ በመጀመሪያ ጆሯችሁ ይደናገራል፤ የለመደውን ጫጫታ ፈልጎ ያጣልና። ቀጥሎ እስትንፋሳችሁ ያጥራል፤ አየሩ ሳስቷልና ጥቂት ተራምዶ መቆም ግድ ይሆናል። ይህ መቆም ግን ይጠቅማችኋል፤ የቆመ ሰው ያስተውላል።

ከፊታችሁ እስከ አድማስ የተዘረጋ ሣር አለ። ጓሳ የሚባለው ይኸው ሣር ነው፤ ቦታውም ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው። ነፋስ ከአንዱ ኮረብታ ይነሣና ሣሩን እያጐነበሰ ወደ ሌላው ይሻገራል። ባሕር ያየ ሰው ማዕበል ይለዋል፤ ባሕር ያላየም የማዕበልን ነገር ከዚህ ሊረዳው ይችላል። በሣሩ መካከል ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጅብራ ብቻውን ይቆማል፤ ከሩቅ ላየው ሰው እረኛ ይመስላል። እግራችሁ የረገጠው ጦስኝ ሽታውን ይለቅቃል። በስተምሥራቅ ምድሩ በድንገት ይቋረጥና ገደል ይሆናል፤ ከገደሉ በታች በጭጋግ የተሸፈነው ቆላ ይታያል።

ማታ በኅብረተሰቡ ማረፊያ ወይም በድንኳን ስታድሩ ብርዱ ያስነሣችኋል። ከጥቅምት በኋላ ባሉት የበጋ ወራት ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ነገር ግን ብርድ ልብሳችሁን ተከናንባችሁ ወደ ውጭ ብትወጡ በአዲስ አበባ መብራት የተሰወሩባችሁን ከዋክብት ታያላችሁ። ሲነጋ ጭላዳዎች ሌሊቱን ካደሩበት ገደል ወጥተው በሜዳው ይበተናሉ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር የዱር ኑሮ የለውም፤ ዋና ምግቡም ሣር ነው። ቁጭ ብሎ ሣሩን በሁለት እጁ እየነጨ ይበላል፤ የፊቱን ሲጨርስ ሳይነሣ በመቀመጫው ተንፏቆ ወደፊት ይሄዳል። የወንዱ ጎፈር በነፋስ ሲበተን፣ በደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ከሩቅ ይታያል።

ዕድል ከቀናችሁ በመካከላቸው ቀይ ቀበሮ ሲመላለስ ታዩ ይሆናል። ቀይ ቀበሮ የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ቁጥሩም ከ500 አይበልጥም። በ2007 ዓ.ም. የታተመ በጓሳ የተደረገ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳዎች መካከል ሆኖ ካደረገው የአይጥ አደን ከመቶ 67 ያህሉ ሲሳካለት፣ ብቻውን ሆኖ ሲያድን የተሳካለት ከመቶ 25 ያህሉ ብቻ ነው። ጭላዳዎቹም ቀበሮው ግልገሎቻቸውን ስለማይነካ አይሸሹትም።

ይህ ሁሉ እንዲያው የቆየ አይደለም። በዙሪያው ያለው መሬት ታርሷል። ጓሳ ሳይታረስ የቀረው የመንዝ ሰዎች ሕግ ስላወጡለት ነው። በአካባቢው ትውፊት መሠረት ጓሳን በ17ኛው መቶ ዓመት ለጋራ ጥቅም የከለሉት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ናቸው። ዘሮቻቸውም «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ያስተዳድሩት ነበር። አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ፤ እርሱም ከሽማግሌዎች ጋር መክሮ ጓሳን ይዘጋል፤ ይከፍታል። ጓሳ አንዴ ከተዘጋ ለሦስት፣ አንዳንድ ጊዜም ለአምስት ዓመት ማንም ሣር አያጭድበትም፤ ከብት አያሰማራበትም፤ ማገዶ አይለቅምበትም። የሣሩ መድረስ ሲታወቅ በበጋ ይከፈታል፤ ባለመብቱም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ከዝናብ ለሚከላከለው ገሳ ይሆናል።

እስቲ ይህን አስቡት። ክረምት ነው፤ የአንድ ገበሬ ቤት ክዳን አርጅቶ ያፈስሳል። ልጆቹ ከሚንጠባጠበው ውኃ ሸሽተው በአንድ ጥግ ተኰራምተዋል። ከደጁ ወጥቶ ሽቅብ ሲመለከት ጕልበት የሚደርስ ሣር በነፋስ ይወዛወዛል። ማጭድ አለው፤ የማጨድ ኀይልም አለው። ነገር ግን ጓሳ ተዘግቷልና እጁን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ይገባል። እንግዳው ቅዳሜና እሑድ የሚያርፍበት ጸጥታ የዚህ ሰው ትዕግሥት ነው።

የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ከርስት ጋር የተያያዘውን የቄሮ ሥርዓት አፈረሰው። ቀድሞ በጓሳ ላይ መብት ያልነበራቸው ገበሬዎች የመጠቀም መብት አገኙ፤ ይህ መልካም ነበር። ነገር ግን የድሮው ጠባቂ ሲነሣ ጥበቃው ላላ፤ ሣሩም ያለ ወቅቱ ይታጨድ ጀመር። የመንዝ ሰዎች ይህን ባዩ ጊዜ ከየገበሬ ማኅበሩ የተውጣጣ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ የጥንቱን ክልከላ ዘር በማይለይ አዲስ ደንብ መለሱት። ከ2000 ዓ.ም. በኋላም የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን የኅብረተሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ ዐወቀው። ሣሩ ያቆየው ውኃ በምሥራቅ ወደ አዋሽ፣ በምዕራብ ወደ ዓባይ ይወርዳልና የጥበቃው ጥቅም ከመንዝ ያልፋል።

እሑድ ከቀትር በፊት ወደ መጣችሁበት ትመለሳላችሁ። ጣርማ በር ስትደርሱ የጭነት መኪናዎች ድምፅ ይቀበላችኋል፤ ሰንዳፋን ካለፋችሁ በኋላ ጆሯችሁ ወደ ልማዱ ይገባል። ከተማው እንደ ነበረ ነው። እናንተ ግን ጸጥታም እንደ ማሳ ጠባቂ እንደሚያስፈልገው ዐውቃችኋል።

ሐ. የምንባቡ ጥያቄዎች

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

1. ጓሳ ስሙን ያገኘው ከምንድን ነው?
2. በምንባቡ የጓሳ ሣር ከባሕር ጋር የተነጻጸረው በምን ምክንያት ነው?
3. ጭላዳዎች ቀይ ቀበሮን የማይሸሹት ለምንድን ነው?
4. የ1967 ዓ.ም. ዐዋጅ በጓሳ ላይ ያስከተለውን መልካም ውጤትና ያስከተለውን ጉዳት ለይታችሁ አስረዱ።
5. «እንግዳው ቅዳሜና እሑድ የሚያርፍበት ጸጥታ የዚህ ሰው ትዕግሥት ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?
6. ክዳኑ የሚያፈስሰው ገበሬ ሣሩን አለማጨዱ ትክክል ይመስላችኋል? ምክንያታችሁን ከስጣችሁ በኋላ የተቃራኒውን ሐሳብ ደጋፊ ምን ሊል እንደሚችልም ጻፉ።

መ. የቃላት ጥናት

ከዚህ በታች የተሰጡትን ቃላት ፍች ከምንባቡ ተነሥታችሁ ገምቱ፤ ከዚያም በመዝገበ ቃላት አመሳክሩ።

አድማስ፣ ጠረፍ፣ ትውፊት፣ አቅኚ፣ ርስት፣ ውርጭ፣ ተንፏቀቀ፣ ተኰራመተ

ልብ በሉ፦ «ጓሳ» የሣሩም የቦታውም ስም ነው፤ «ገሳ» ግን ከሣር የሚሠራ የዝናብ ልብስ ነው። በአንድ ፊደል ድምፅ የሚለያዩ እንዲህ ያሉ ሌሎች ሦስት ጥንድ ቃላት ፈልጉና በዐረፍተ ነገር አግቡ።

ሠ. ሰዋስው፦ እንደ ቅጽል የሚያገለግል ግስ

ቅጽል ስምን የሚገልጽ ቃል ነው። «ሰፊ ሜዳ»፣ «ቀይ ቀበሮ» ስንል «ሰፊ» እና «ቀይ» ቅጽሎች ናቸው። ግስም «የ» ወይም «የሚ» ሲጨመርበት ስምን ሊገልጽ ይችላል። በአራት መልክ እንደሚከተለው ይነገራል፦

ኀላፊ፣ አዎንታ፦ የታጨደ ሣር
ኀላፊ፣ አሉታ፦ ያልታጨደ ሣር
የአሁንና የትንቢት፣ አዎንታ፦ የሚታጨድ ሣር
የአሁንና የትንቢት፣ አሉታ፦ የማይታጨድ ሣር

የእነዚህ ጥቅም በገላጭ ድርሰት ይታያል። «ውብ ሣር» ስንል የጸሐፊውን ስሜት እንሰማለን እንጂ ሣሩን አናይም። «በነፋስ የሚወዛወዝ ሣር» ስንል ግን ሣሩን እናያለን። ስለሆነም «ውብ»፣ «አስደሳች»፣ «ማራኪ» ከማለታችሁ በፊት ነገሩ ምን እንደሚያደርግ ጠይቁ።

መልመጃ፦ 1. ከምንባቡ እንደ ቅጽል ያገለገሉ አምስት ግሶችን ከነስማቸው አውጡ። 2. «ውብ ሐይቅ»፣ «ደስ የሚል ጠዋት»፣ «አስፈሪ ገደል» የሚሉትን፣ ነገሩን ለዐይን ወይም ለጆሮ በሚያቀርብ ሐረግ ለውጡ።

ረ. ድርሰት

የሚከተሉትን ሁለት አንቀጾች አነጻጽሩ።

«ጓሳ ሄድን። ቦታው በጣም ውብ ነበር። አየሩ ደስ ይላል። እንስሳትም ነበሩ። በጣም ተደስተን ተመለስን።»

«ከገደሉ ጫፍ ቆምን። ከሥራችን የሚነሣው ጭጋግ ፊታችንን አረጠበው። ማንም አልተናገረም። ከወደ ታች አንድ ጭላዳ ጮኸ፤ ሌላው መለሰለት፤ ከዚያም እንደገና ዝም ሆነ።»

የመጀመሪያው ስለ ማንኛውም ቦታ ሊጻፍ ይችላል። ሁለተኛው ግን በዚያ ቦታ ቆሞ ከተመለከተ ሰው በቀር አይጻፍም።

አሁን እናንተ በአካባቢያችሁ ሰው ለዕረፍት የሚሄድበትን አንድ ቦታ ምረጡ። ሐይቅ፣ ምንጭ፣ የደብር ደን ወይም ተራራ ሊሆን ይችላል። ከመጻፋችሁ በፊት ሄዳችሁ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ ያያችሁትን፣ የሰማችሁትንና ያሸተታችሁትን በማስታወሻ ያዙ። ቀጥሎም አንድ አዋቂ «ይህን ቦታ እስከ ዛሬ የጠበቀው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ከ250 ቃላት ያላነሰ ድርሰት በአራት አንቀጽ ጻፉ፦

1. ወደ ቦታው የሚወስደው መንገድ፤
2. የቦታው ገጽታ፣ ከሩቅ ወደ ቅርብ በቅደም ተከተል፤
3. ቦታውን የጠበቁት ሰዎችና የከፈሉት ዋጋ፤
4. ወደ ቤት ስትመለሱ በሐሳባችሁ የቀረው።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ «ውብ» እና «በጣም» የሚሉትን ቃላት ፈልጋችሁ አስምሩባቸው። የተሰመረበትን ቃል አውጥታችሁ በምትኩ ያያችሁትን አስገቡ። ድርሰቱንም በክፍል ውስጥ ቦታውን ለማያውቅ ተማሪ አንብቡለት፤ የሰማውን በሥዕል እንዲያሳያችሁ አድርጉ።